የቀዩ የፍሬን መብራትና ቢጫው የኤቢኤስ መብራት አብረው በሩ፤ መኪናው የ2003 ኮሮላ ነው

ባለ ኮሮላው (ጠያቂ)፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው እ.ኤ.አ. የ2003 ሞዴል፣ አውሮፓ አገልግሎ የገባ፣ በእጅ ማርሽ የሚሠራ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ፍሬን አለው።

ችግሩ የጀመረው በቀዩ የፍሬን መብራት ነው። መጀመሪያ ላይ ቁልቁለት ስወርድ ወይም አደባባይ ስዞር ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር፤ ቀጥ ባለ ሜዳ መንገድ ላይ ግን አይታይም ነበር። ሰፈሬ ወደሚገኝ ጋራዥ ስወስደው መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይት ጨመረበትና መብራቱ ጠፋ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደግሞ ቢጫው የኤቢኤስ (ፍሬን በድንገት ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት ተጨምሮበታል። ቢጫው ሞተር ሳስነሳ እንደ ወትሮው በርቶ ይጠፋል፤ መኪናው ጥቂት እንደተንቀሳቀሰ ግን ተመልሶ ይበራና ሞተሩን እስካጠፋ ድረስ እንደበራ ይቆያል።

ፔዳሉ ከቀድሞው ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ለስለስም ብሏል፤ ደጋግሜ ስረግጠው ግን ከፍ ይልና ይጠነክራል። በተጨማሪም ፍሬን ስይዝ መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ይስባል።

አንድ ጋራዥ የኤቢኤሱ ሞጁል (መቆጣጠሪያ ክፍሉ) ተቃጥሏልና ያገለገለ ፈልገህ ግዛ አለኝ፤ የጠየቀኝ ዋጋም ቀላል አይደለም። ሌላው ደግሞ ኤቢኤስ ለእኛ መንገድ ምን ያደርጋል፣ አምፖሉን ነቅለን እንገላግልህ አለኝ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሁለቱ መብራቶች የሚናገሩት ስለ አንድ ብልሽት ነው ወይስ ስለ ሁለት የሚለውን ነው። ለበዓል ቤተሰቤን ይዤ በአባይ በረሃ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የመሄድ ሐሳብ ስላለኝ ነገሩ አሳስቦኛል።

የሳሪስ ሹፌር፦

ሰላም ወንድሜ። በእኔ ግምት ሰርቮው (ፔዳሉን ስንረግጥ እግራችንን የሚያግዘው ክፍል) ነው። የፍሬን ነገር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ ያገለገለ ሰርቮ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ስለማይጠፋ ቀይረህ ብታየው ይሻላል።

ነባር መካኒክ፦

ጠያቂያችን ምልክቶቹን በዝርዝር ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣልን «መብራት በራብኝ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን ሰርቮውን መጠርጠራቸው ከተነገሩት ምልክቶች ጋር አይሄድም። ሰርቮ ሲበላሽ ፔዳሉ ይደርቃል፣ እግርም ይደክማል፤ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች የሚወርደው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ፔዳሉን ደጋግሞ በመርገጥ በሰርቮው ውስጥ የቀረውን ቫኪዩም ይጨርስ፤ ከዚያም ፔዳሉን ረግጦ እንደያዘ ሞተሩን ያስነሳ። በዚያን ጊዜ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ደህና ነው። በነገራችን ላይ ሰርቮ የሚያግዘን በውጭው የአየር ግፊትና በሞተሩ ሳቢ ኃይል መካከል ባለው ልዩነት ስለሆነ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ እገዛው ከድሬዳዋ ወይም ከአዋሽ ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ ሹፌር እዚህ ደርሶ ፍሬኑ የደረቀበት ቢመስለው ሰርቮ ለመግዛት አይቸኩል።

አሁን ወደ ቀዩ መብራት ልምጣ። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ቀዩ መብራት የሚበራው የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀቅ ሲቀር፣ በማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው ክፍል) ላይ ባለው ዕቃ ውስጥ ያለው ዘይት ሲጎድል፣ ወይም የፍሬኑን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ኢቢዲ የሚባለው ሥርዓት ሥራ ሲያቆም ነው። ሦስተኛው ሲከሰት ቀዩና ቢጫው አብረው ስለሚበሩ ነው ብዙ ሰው ሞጁል ወደ መግዛት የሚሮጠው። የእርስዎ ቀይ መብራት ግን በመጀመሪያ ብቻውን፣ ያውም ቁልቁለትና መዞሪያ ላይ ብልጭ ይል ነበር። ዘይቱ ጎድሎ መኪናው ሲያዘነብል በዕቃው ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ዝቅ ብላ መብራቱን ታገናኛለች፤ መኪናው ሲስተካከል ዘይቱ ተመልሶ ያነሣታል፣ መብራቱም ይጠፋል። ይህን ለማረጋገጥ የዚያችን መለኪያ ሶኬት ለጊዜው መንቀል ይቻላል። ሶኬቱ ሲነቀል መብራቱ ከጠፋ የሚናገረው ስለ ዘይት ነው፤ ካልጠፋ ወደ እጅ ፍሬኑ ማብሪያና ወደ ኤቢኤሱ እንሄዳለን። ከፍተሻው በኋላ ሶኬቱን መልሰው መሰካት አይርሱ። ቀዩ ከባትሪው መብራት ጋር አብሮ ቢበራ ኖሮ ደግሞ ፍሬኑን ሳልነካ በፊት ዲናሞውን አስፈትሹ እል ነበር፤ በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ የተለመደ ነው።

የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የሚጎድለው ወይ የፊቱ ሸራ፣ ማለትም ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው ክፍል፣ አልቆ የሚገፉት ፒስተኖች ወደ ውጭ በመውጣታቸው የለቀቁትን ቦታ ስለሚሞላ ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ቦታ ስለሚፈስ ነው። በሁለቱም መንገድ ዘይት ጨምሮ መሸኘት መኪናውን ሳይሆን መብራቱን መጠገን ነው። የመጀመሪያው ከሆነ እንዲያውም አዲስ ሸራ ሲገባ የተጨመረው ዘይት ሞልቶ በመፍሰስ የኮፈኑን ውስጥ ቀለም ያበላሻል።

ስለዚህ አራቱም ጎማዎች ይፈቱ። ከፊት የውስጡንና የውጭውን ሸራ ውፍረት ለየብቻ ይመልከቱ፤ ሁለቱ እኩል ካላለቁ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ተይዘዋል ማለት ነው። መሪው ወደ ቀኝ ከሳበ የሚደክመው የግራው ስለሆነ ከግራ የፊት ጎማ ይጀምሩ። ከኋላ ታምቡሩን አውልቀው የዊል ሲሊንደሩን (በዘይት ግፊት ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚገፋውን) የላስቲክ ሽፋን ጫፍ በጥንቃቄ ገለጥ ያድርጉት፤ ከሥሩ እርጥበት ካለ ፍሳሹን አገኙት ማለት ነው፣ ውጭው ደረቅ መሆኑ አያታልልዎት። በመጨረሻም ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን በመጠነኛ ኃይል ለግማሽ ደቂቃ ያህል ረግጠው ይያዙት። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠና ውጭ ላይ ምንም ፍሳሽ ካልታየ የማስተሩ የውስጥ ላስቲኮች አልቀዋል። ሲደጋገም ከፍ የሚለው ፔዳል ግን በአብዛኛው የሚያመለክተው አየር መግባቱን ወይም የኋላው ሸራ ከታምቡሩ መራቁን ነው።

ይህ ሳይጣራ መኪናውን ወደ አባይ ቀርቶ ወደ ሥራም ባይነዱት እመርጣለሁ።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦

ጋሼ የቀዩን ነገር ስለጨረሱት እኔ በቢጫው ላይ ብቻ እጽፋለሁ።

ጠያቂያችን የጻፉት አንድ ነገር ሞጁሉን ከመጠርጠር ሊያድነን ይችላል። መብራቱ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ይበራል ብለዋል። የሞጁሉ፣ የሪሌው ወይም የተበጠሰ ሽቦ ችግር ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ገና ቁልፉ ሲዞር ራሱን ሲፈትሽ ያገኘው ስለነበር መብራቱ ከመጀመሪያውም ባልጠፋ ነበር። ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚበራው በአብዛኛው ከአንዱ ጎማ የፍጥነት መረጃ ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ ይህም የሚሆነው ሴንሰሩ ሲቆሽሽ ወይም ሲርቅ፣ አለዚያም ሴንሰሩ የሚያነበው ባለ ጥርስ ቀለበት ሲሰበር ወይም ሳይኖር ሲቀር ነው። ከአውሮፓ በሚመጡ መኪኖች ላይ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቀለበቱንና የሴንሰሩን መቀመጫ አዝጎ እንደሚበላውም አይዘንጋ።

የትኛው ጎማ እንደሆነ ለማወቅ በዚህ ኮሮላ ላይ ማሽን እንኳ አያስፈልግም። ከመሪው በታች ባለ 16 ቀዳዳ የኮምፒውተር መሰኪያ አለ። ሰፊው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ሲታይ የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ይቆጠራል። ቁልፉ ጠፍቶ እያለ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ ያገናኙና ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። 16ኛው ቀዳዳ በቀጥታ ከባትሪው ስለሚመጣ ሽቦው እዚያ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ይህን ለሌላ ሰው ቢተዉት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ የኤቢኤሱ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል። ያለ ዕረፍት በእኩል ፍጥነት ብልጭ ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ አረፍ ካለ በኋላ ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ ግን ቁጥሩ 32 ነው። 31 የቀኝ ፊት፣ 32 የግራ ፊት፣ 33 የቀኝ ኋላ፣ 34 የግራ ኋላ ጎማ ሴንሰር ነው፤ ቀኝና ግራ የሚባለው በሹፌሩ መቀመጫ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲታይ ነው። 41 ከመጣ የባትሪውን ኃይል፣ 49 ከመጣ የፍሬን መብራቱን ማብሪያ ይመልከቱ። ቁጥሩ የሚነግርዎ ጎማውን እንጂ መቀየር ያለበትን ዕቃ አይደለም፤ ስለዚህ ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት የሁለቱን የፊት ሴንሰሮች ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመከላከል መጠን) በመለኪያ ያወዳድሩ። ተቀራራቢ ከሆኑ ሴንሰሩን ተዉትና ቀለበቱን በባትሪ መብራት ይመልከቱት። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ በፊት ጎማዎች በኩል ኩሽኔታ ወይም ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ተቀይሮ እንደሆነም ቢነግሩን ጥሩ ነው።

አምፖል ስለ መንቀል የተባለውን በተመለከተ፣ የኤቢኤስ መብራት በርቶም ቢሆን ተራው ፍሬን ይሠራል፤ የሚቀረው በድንገት ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል ነው። ይሁንና አምፖሉ ከተነቀለ ነገ ኢቢዲውም ሲጠፋ በምን ያውቁታል? ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሁሉ ቁልፉ ሲከፈት ቢጫው መብራት መብራቱን፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላም ለብቻው መጥፋቱን ተመልከቱ። ሽቦውን ከሌላ መብራት ጋር አያይዘው አብሮ እንዲጠፋ የሚያደርጉ ሻጮች አሉ፤ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ቅጽበት የሚጠፋ የኤቢኤስ መብራት ያጠራጥራል።

ባለ ኮሮላው (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መኪናውን አቁሜ አንድ ሙያተኛ ቤቴ ድረስ አስመጥቼ በተባለው መሠረት አየነው።

መብራቱ ያወጣው ቁጥር 32 ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት የግራው የፊት ዘንግ እየተንቋቋ ስላስቸገረኝ ተቀይሮ ነበር፤ በክሪክ አንሥተን ስንመለከት የተገጠመው ዘንግ ባለ ጥርሱ ቀለበት የለበትም፣ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ቦታ ለስላሳ ብረት ነው። የቀኙን ስናይ ጥርሶቹ በግልጽ ይታያሉ። በዚያው በግራው ጎማ የካሊፐሩ የታችኛው ፒን ዝጎ ተይዟል፤ የውስጡ ሸራ ብረት ሊነካ ደርሷል፣ የውጭው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ከኋላ በቀኝ በኩል የዊል ሲሊንደሩ ላስቲክ ሲገለጥ ዘይት ጠብ አለ፣ ከሸራዎቹ አንዱም ረጥቧል። በዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት እንደ ጥቁር ቡና ሆኗል። ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ አይሰምጥም።

ያልገባኝ ነገር፣ ዘንጉ ከተቀየረ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖት የኤቢኤሱ መብራት ለምን አሁን በራ? የረጠበውንስ ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ ይቻላል ወይ?

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦

ዘንጉን የቀየረው ሰው መብራቱ እንዳያስከስሰው አምፖሉን ነክቶት፣ በኋላ ሌላ ሰው መልሶት ሊሆን ይችላል። ባለፉት ወራት የዳሽቦርድ ሥራ ተሠርቶ እንደሆነ ያስታውሱ።

ባለ ኮሮላው (ጠያቂ)፦

ልክ ነዎት፤ በቅርቡ የፍጥነት መቁጠሪያው መብራት ጠፍቶ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ አምፖሎች ተቀይረው ነበር። ቢጫው መታየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነባር መካኒክ፦

እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው፤ በአንድ ሰሞን ስለታዩ ብቻ አንድ መሰሉ። ሞጁሉ አይነካ።

ዘይት የነካው ሸራ ቤንዚንም ሳሙናም አያድነውም። ዘይቱ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ሸራው ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ አንዱ ጎማ ይይዛል፣ ሌላው ይንሸራተታል። የኋላውን ሸራ የግራና የቀኙን በአንድ ላይ ቀይሩ፤ የዊል ሲሊንደሮቹም በአንድ ዕድሜ ያሉ ስለሆኑ ሁለቱንም እንድትቀይሩ እመክራለሁ። የታምቡሩን ውስጥ በደንብ ካጸዳችሁ በኋላ ሸራውን ጎማው በእጅ ሲዞር ታምቡሩን በጣም ቀለል አድርጎ እስኪነካ ድረስ አቅርቡት፤ ፔዳሉ ወደ ታች የሚወርድበት ግማሽ ምክንያት እዚህ ላይ ሊሆን ይችላል። የእጅ ፍሬኑን ገመድ ከዚህ በፊት ማጥበቅ ግን አይገባም፤ መካኒኮቻችን ችኮላ ሲይዛቸው የሚያደርጉት እሱን ነው፣ ሸራው ሳይቀርብ የእጅ ፍሬኑ ብቻ የያዘ ይመስላል።

ከፊት ሁለቱንም ፒኖች አውጥታችሁ አጽዱ፤ ዝገቱ ብረቱን ከበላው ፒኑን ቀይሩት። የሚቀባው ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ነው። የኩሽኔታ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ፒኑም ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይያዛል። የዲስኩን ውፍረት ለኩና ራሱ ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ ጋር አስተያዩት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ጭራሽ ያቀጥነዋል።

ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። ክዳኑ ላይ ዶት 3 ተብሎ ከተጻፈ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሆናል፤ ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ግን ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ጠርሙሱ ተከፍቶ የከረመ ዘይት አትግዙ፣ የአየሩን እርጥበት ይስባልና። አየር ስታወጡ ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፣ ዕቃውም በመካከል ባዶ እንዲሆን አትፍቀዱ፤ አየር ወደ ኤቢኤሱ ክፍል ከገባ ለማውጣት ያስቸግራል። በተለይ አደራ የምላችሁ ፔዳሉን የሚረግጠው ሰው እስከ ወለሉ ድረስ እንዳይረግጥ ነው። በአሮጌ ማስተር ውስጥ ፒስተኑ ደርሶበት የማያውቀው ክፍል ዝገትና ቆሻሻ ስለሚይዝ ላስቲኩ እዚያ ሲደርስ ይቀደዳል፤ ደህና የነበረው ማስተርም በጥገናው ምክንያት ይበላሻል። ከፔዳሉ ሥር አንድ ቁራጭ እንጨት ማስቀመጥ በቂ ነው።

ዘንጉን በተመለከተ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ «የኮሮላ ዘንግ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ የተበላሸው አሮጌው ዘንግ ካለ ይዛችሁት ሂዱና የጫፉን ጥርስ ቁጥርና ቀለበቱን አንድ በአንድ አመሳክሩ።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦

ዘንጉ ከተገጠመ በኋላ የሴንሰሩን ሽቦ በነበረበት መያዣ ላይ ማሰር አይዘንጋ፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ጎማው ሲዞር ይበጥሰዋል። የተመዘገበውን ቁጥር ለማጥፋት 4ኛውና 13ኛው ቀዳዳ እንደተገናኙ ቁልፉን ከፍተው የፍሬን ፔዳሉን በ5 ሰከንድ ውስጥ 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይርገጡ። መብራቱ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ማለት ሲጀምር ቁልፉን አጥፍተው ሽቦውን ያውጡ።

የጎጃም መስመር ሹፌር፦

ስለ መንገዱ እኔ ልጨምር። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያወርድ ነው፤ ፍሬን ረግጠው የሚወርዱ የቤት መኪኖች ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሸራቸው ሲሸት በአጠገባቸው ስናልፍ ይሰማናል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው በ205 ዲግሪ ሲሆን እርጥበት ሲይዝ ግን ልኩ እስከ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ በፈላ ጊዜ በቧንቧው ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉ ላይ ይተኛል። እንደ ቡና የጠቆረ ዘይት ይዞ እዚያ መውረድ አይታሰብም።

ጎሃ ጽዮን ላይ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡና ሞተሩ መኪናውን ይያዘው፤ ፎሌ አድርጎ (ማርሹን ነፃ አውጥቶ) ነዳጅ ለመቆጠብ መሞከር በፍጹም አይገባም። ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ይርገጡና ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፤ በስሱ ረግጦ መቆየት ነው ዲስኩን የሚያግለው። ሽታ ከመጣ ዳር ይዘው በራሱ እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ውኃም አይድፉበት፤ የጋለ ዲስክ ላይ ውኃ ሲደፋ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ሸራውና ዘይቱ ከተቀየረ በኋላም በቀጥታ ወደ ጎጃም ከመውጣትዎ በፊት ጥቂት ቀናት ከተማ ውስጥ ይንዱት፤ አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር ይላመድ፣ የዘይቱንም ልክ በየጠዋቱ ይመልከቱ። በዕቃው ላይ ዘይቱ የደረሰበትን ቦታ ምልክት አድርገውበት ካልወረደ መንገድ መጀመር ይችላሉ።